ቶርሞድ ዜማውን ሲያነሳ

ቶርሞድ የደሴታችን መዝሙር አውጪ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን የሙዚቃ መሣሪያ የላትም። እሱ ስንኙን ብቻውን ያወጣል፣ እኛ ተከትለን እንቀበላለን።

በመጋቢት፣ በጎቹ መውለድ ሲጀምሩ፣ በረት ውስጥ ወድቆ ተገኘ። ስትሮክ ነው አሉ። ከሆስፒታል ሲመለስ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎት ነበር፤ ከአፉ የሚወጣውም ቃል አንድ ብቻ ሆነ፦ «አይ»።

ሚስቱ ዶሊና «ሻይ ልስጥህ?» ስትለው «አይ» ይላል፤ ግን ተቀብሎ ይጠጣል። መጀመሪያ እንስቅ ነበር። እየቆየ ግን ዶሊና መሳቋን ተወች። በጎቹን ታዋልዳለች፣ ባሏን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፤ ፊቷ በአንድ ወር ውስጥ አረጀ።

አንድ ቀን ድስት ይዤ ስገባ ገና ከበሩ ተቀበለችኝ።

«ኢሽቤል፣ እግዚአብሔር ይወድሻል ልትይኝ ከሆነ በመጣሽበት ተመለሺ።»

«ሾርባ ነው ያመጣሁት» አልኳት።

ልትስቅ ስትል እንባዋ ቀደማት። «መጸለይ አቃተኝ እኮ! ዕድሜ ልኩን ሲያመሰግነው የኖረውን አፍ ነው የዘጋው። ምን ልበለው?»

«ይህንኑ በዪው። አይቀየምሽም። እሱም ካቃተሽ እኛ እንጸልይልሻለን፤ ጎረቤት ለመቼ ነው?»

ባሌ ፊንሌይና የሰፈሩ ወንዶች ረግረጉ ላይ ወጥተው፣ በደሴታችን በማገዶ ፈንታ የሚነደውን አፈር ለክረምቱ ብርድ ቆርጠው አደረቁላቸው። እኛ ሴቶቹ ደግሞ በጎቹን በተራ ያዝን። ዶሊና ከደጃፏ ቆማ ታየን ነበር። አንድ ቀን «ለመሆኑ ማነው የላካችሁ?» አለችኝ።

«ታውቂዋለሽ» አልኳት።

በግንቦት፣ አንድ እሑድ ከስብከት በኋላ፣ ቶርሞድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስላልቻለ እኛው ተሰብስበን እቤቱ ሄድን። ፊንሌይ የእግዚአብሔር ምሕረት እንደማያልቅ የሚናገረውን መዝሙር አወጣ። የባሌ ልቡ እንጂ ጆሮው መልካም አይደለም፤ ዜማውን ጣራ አስነካው። ለመቀበል ስንንጠራራ ቶርሞድ ግንባሩን ቋጠረ።

«አይ! አይ!» ብሎ በግራ እጁ የወንበሩን ክንድ መታ። ከዚያም ዓይኑን ጨፍኖ ዜማውን ራሱ ዝቅ አድርጎ አነሳው። ከነቃሉ! አንድም ቃል አልጎደለም።

ደንግጠን መቀበል ረሳን። የተቀበለችው ዶሊና ናት፤ የወጥ ቤቱን በር ደገፍ ብላ፣ ብቻዋን። ሁለተኛውንም ስንኝ አወጣ። ያኔ ሁላችንም ገባንበት፤ ፊንሌይ እያለቀሰ ከሁላችን በላይ ጮኸ።

ሆስፒታል ቶርሞድን የምትከታተለው የንግግር ሐኪም በኋላ ስትሰማ አልተገረመችም። ቃል የጠፋበት ሰው ዜማ ሊቀርለት እንደሚችል አስረዳችን፤ በዚያው መንገድ ታስተምረውም ጀመር። ዶሊና በጥሞና አዳመጠቻት። ወደ ቤት ስንመለስ «እንግዲህ ያቺን አንዲት በር ክፍት ትቶልን ኖሯል» አለችኝ፤ «እኔ ግን ጥሎን የሄደ መስሎኝ ነበር።»

ቶርሞድ እንደ ድሮው አልሆነም። እጁ አሁንም ያስቸግረዋል፣ የሰው ስም ይጠፋበታል። ግን ማዕድ ላይ ጨው ሲፈልግ ረዘም ባለ የመዝሙር ዜማ ይጠይቃል፤ ዶሊናም «አሜን» ብላ ታቀብለዋለች።