የኩን ዘፈን

እኛ አሜሪካ ያለን ሀበሾች የቦታ ስም ማሳጠር እንወዳለን። ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስን «ኢንቨር» ብለን ተገላገልነው፤ ኩን ራፒድስን ደግሞ «ኩን»። «የት ነው የምትኖረው?» ሲሉኝ «ኩን» እያልኩ አስራ አራት ዓመት ኖርኩ። ከሀበሻውም ከፈረንጁም አንድ ሰው እንኳ «ምላስህን ያዝ» አላለኝም። ዛሬ ያ ቃል ለብቻው አፌ ላይ ሲመጣ ዝንብ የገባብኝ ይመስለኛል።

በሪሁን እባላለሁ። ከሰኞ እስከ አርብ በሽተኞችን ከቤት ወደ ክሊኒክ አመላልሳለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ በየሰርጉ ኦርጋን እጫወታለሁ። ከበሮ የሚመታልኝ ቃልቤሳ ነው፤ የአርሲ ልጅ፣ ወሬ የማያበዛ፣ ምት የማይስት። አስራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። ልጄ ኤልሻዳይ አስራ ስድስት ዓመቷ ነው። ትንሽ ሳለች ከጎኔ ቆማ ትዘፍን ነበር፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ለምን ስላት «ኖ ሪዝን» ብላ በሯን ትዘጋለች። እናቷ «ዕድሜዋ ነው፣ ተዋት» ትላለች። እኔ ግን ልጄን አጠገቤ መልሼ ለማቆም ያልሞከርኩት ነገር የለም።

ከማመላልሳቸው ሰዎች አንዷ ሚስስ ሊንድግሬን የተባሉ የዘጠና አንድ ዓመት ነጭ አሮጊት ነበሩ። ጨዋ ሴት ናቸው፤ መኪና ውስጥ ሲገቡም ሲወጡም ያመሰግናሉ። ቤታቸውን ሸጠው አረጋውያን መኖሪያ ሊገቡ ሲሉ፣ ሙዚቀኛ መሆኔን ስለሚያውቁ፣ ከፒያኖው ወንበር ሆድ ውስጥ አንድ እቅፍ አሮጌ ኖታ አውጥተው ሰጡኝ። ቤት ወስጄ ሳገላብጥ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ዘፈን አገኘሁ። ርዕሱ ውስጥ «ኩን» የሚል ቃል አለበት። የዛሬ መቶ ሃያ ዓመት ገደማ የታተመ ነው።

ልቤ ዘለለ። የሰፈሬ ዘፈን!

ግጥሙ አልገባኝም። ፊደሉ የተቆራረጠ፣ እዚህም እዚያም ጭረት የበዛበት እንግሊዝኛ ነው። የድሮ ቋንቋ ይሆናል ብዬ አለፍኩት፤ አሁን ሳስበው እንደዚያ አድርጎ የጻፈው ሰው እጁ በተቆረጠ። ዜማው ግን ደስ ይላል፣ ይህን አልዋሽም። ትንሽ ወደ ትዝታ ቅኝት ጠጋ አደረግሁትና «ኩን ነው ቤቴ» የሚል የአማርኛ ግጥም ጻፍኩለት። በሐምሌ ከተማው ፓርክ ውስጥ በዓል ያዘጋጃል፤ የየአገሩ ሰው መድረክ ይሰጠዋል። በዚህ ዘፈን እንከፍታለን አልኩ።

ኤልሻዳይን ጋራዥ ውስጥ ጠርቼ ተጫወትኩላት። በሩን ይዛ አዳመጠች።

«ስለ እኛ ሰፈር ነው? ሪሊ?»

«የተወለድሽበት አገር ዘፈን ነው። እኔ የተወለድኩበትን ስዘፍን ሰለቸሽ፤ ይሄው ያንቺን አመጣሁልሽ።»

ሳቀች። ከሁለት ዓመት በኋላ ማይክ ያዘች። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየማታው ተለማመድን፤ ከደስታዬ ብዛት ለሦስታችን ካኔቴራ አሳተምኩ፤ ደረቱ ላይ በትልቁ በእንግሊዝኛ «ኩን ባንድ» የሚል። ለበዓሉ ቀን ሰርፕራይዝ ይሁን ብዬ ደበቅሁት። ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ ማለት እኔ ነኝ።

ከበዓሉ በፊት በነበረው ሐሙስ ሚስስ ሊንድግሬንን ላመሰግናቸው ሄድኩ። ካኔቴራዬን ለብሻለሁ። ፒያኖው ገና አልተወሰደም ነበርና ቁጭ ብዬ ዘፈኑን ጀመርኩላቸው። አሮጊቷ ደረቴ ላይ ያለውን ጽሑፍ አይተው በሳቅ ፈነዱ፤ እያጨበጨቡ መዝፈን ጀመሩ። ግጥሙን በቃላቸው ያውቁታል። ግን ድምፃቸው የራሳቸው አልነበረም። ቃሉን ይጎትቱታል፣ ዓይናቸውን ያጉረጠርጣሉ፣ ከንፈራቸውን ያንጠለጥላሉ። መጫወቴን አቆምኩ።

«ቆይ፣ ሽፋኑ እኔ ጋ አለ» ብለው ካርቶን ውስጥ ፈልገው አመጡልኝ።

ሽፋኑ ላይ ጥቁር ሰው ተስሏል። ሰው ልበለው እንጂ ሰው አላደረጉትም። ከንፈሩ የፊቱን ግማሽ ይዟል፣ ዓይኑ ሊወጣ ደርሷል፣ በብብቱ የተሰረቀ ዶሮ ሸጉጧል። ከላዩ ያ ቃል በትልልቁ ተጽፏል። ወደ ደረቴ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ያው ቃል ነው።

«አባቴ ነበር የሚዘፍነው» አለች። ከዚህ በኋላ አንቱ አልላትም፤ አፌ እምቢ ብሎኛል። «በየዓመቱ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ትርኢት ነበር። ቡሽ አቃጥለው በጥላሸቱ ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ ቡሹን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ስንስቅ ብታየን! ማንንም ጠልተን እኮ አይደለም።»

«ማንን ነበር የሚያስመስሉት?»

«ማንንም። እንዲያው ጥቁር ሰው።» ከዚያ ፊቴን አየችና እጄን መታ መታ አደረገች። «አንተን ማለቴ አይደለም፣ ውዴ። ኩኪ ትበላለህ?»

ኩኪውን ተቀበልኩ። ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለብን አይደል፤ ተቀብዬ አፌ ውስጥ አስገባሁት። አልወርድ አለኝ። መኪናዬ ጋ ስደርስ መንገዱ ላይ ተፋሁት። ካኔቴራውን እዚያው አውልቄ በባዶ ደረቴ ድራይቭ አደረግሁ፤ መብራት ላይ ያየኝ ሰው እብድ ብሎኝ ይሆናል።

ይዤው የወጣሁትን ሽፋን ለኤልሻዳይ ሰጠኋት። ጋራዡ ወለል ላይ ተቀምጣ ስልኳን እየነካካች ብዙ አነበበች። እንደምትቆጣ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን ረጋ ብላ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በአማርኛ አስረዳችኝ። የከተማው ስም የመጣው ራኩን ከሚባለው አውሬ ነው፤ ድሮ ወንዙ ዳር ይታደን ነበር። ቃሉ ጥቁር ሰው ላይ ሲለጠፍ ግን ስድብ ነው፤ የተቆራረጠው እንግሊዝኛም የጥቁሮችን አነጋገር ማላገጫ ነው። እንደዚህ ያለ ዘፈን በዚያ ዘመን በሺህ ሳይሆን በሚሊዮን ተሸጧል።

«ዳዲ፣ ፖፕ ሚዩዚክ የምንለው እኮ አንዱ ሥሩ ይሄ ነው። ባንጆ የሚሉት ባለ ክር መሣሪያ ከአፍሪካ ነው የመጣው። ባሮቹ የሚጫወቱትን ነጮቹ ሰሙ፣ ወሰዱ፣ ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው መልሰው ሳቁባቸው።»

«ቆሻሾች!» አልኩ። «አንድ ሰው እንኳ ‹ነውር ነው› የሚል ይጠፋል? የሰው አነጋገር ሰርቆ፣ የሰው አካሄድ ሰርቆ ሆዱን የሚሞላ!»

ኤልሻዳይ አንድ ታሪክ ነገረችኝ። ይህን ትርኢት ካስፋፉት ነጮች አንዱ፣ ፈረስ ጋጣ ውስጥ የሚሠራ አንድ አንካሳ ጥቁር ሽማግሌ ሲያነክስና ሲያንጎራጉር አየ ይባላል። አካሄዱን፣ ልብሱን፣ ድምፁን ቀዳ። እሱ ታዋቂ ሆነ። የሽማግሌውን ስም የሚያውቅ ግን የለም።

«ለምን እንዳቆምኩ ትጠይቀኝ ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«መዝፈን። ለምን እንዳቆምኩ።»

ያኔ ገባኝ። ሳይነገረኝ ገባኝ።

ሰርግ ላይ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጨዋታ አለ። «ሽማግሌውን! ሽማግሌውን!» ይላሉ። ባርኔጣ አደርጋለሁ፣ ዱላ እይዛለሁ፣ ጎበጥ እላለሁ። አማርኛዬን እሰብረዋለሁ፤ ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት አደርገዋለሁ። ሙሽራ እንኳ እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች። ያንን ሽማግሌ ከየት አመጣሁት? የዛሬ ሦስት ዓመት የቃልቤሳ አባት ዱላቸውን ተደግፈው ከአርሲ ለጉብኝት መጥተው ነበር። ክሊኒክ ያመላለስኳቸው እኔ ነኝ። ፊት ለፊት «አባባ» ብዬ፣ አንቱ ብዬ፣ በር ከፍቼ አስገባቸው ነበር። በሚቀጥለው ወር አነጋገራቸውንና አካሄዳቸውን ሰርግ ላይ ሞከርኩት፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሳቸው አገራቸው ገብተው በዓመቱ አረፉ። እኔ ግን በየሳምንቱ አስነሳኋቸው።

«አባቱ ካረፉ በኋላ ሽማግሌውን ስትጫወት የቃልቤሳን ፊት አየሁት» አለች ኤልሻዳይ። «አንተ ጀርባህን ሰጥተኸው ነበር። እኔ አየሁት።»

«ቀልድ እኮ ነው፣ የኔ እናት፤ ማንንም…» ብዬ ቆምኩ። አሮጊቷ በአፌ ልትናገር ነበር።

«ስማቸው ማን ነበር?»

«የማን?»

«የአባቱ።»

ስልኬን አወጣሁ። ሀበሻ ከስሙ ቀጥሎ የአባቱን ስም ነው የሚጽፈው፤ ሙሉ ስሙን ካወቅኩ አባቱንም አወቅኩ ማለት ነው። አስራ አንድ ዓመት የደወልኩለት ሰው ስልኬ ውስጥ የተመዘገበው «ቃልቤሳ ከበሮ» ተብሎ ነው። ኤልሻዳይ ስክሪኑን አየችና ፊቷን አዞረች። በሕይወቴ ሰው በጥፊ መትቶኝ ያውቃል፤ እንደዚያ አላመመኝም።

«ሽማግሌው ካለ እኔ የለሁም» ብላ ገባች።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መድረክ ወጣን። ካኔቴራዎቹን ቆራርጬ ጥያቸዋለሁ፤ «ኩን ነው ቤቴ»ም ቀርቷል። ኤልሻዳይ ሁለት ዘፈን ዘፈነች። ድምፅዋ ጎልምሷል፤ እኔ ሳልሰማው ሁለት ዓመት አድጓል። ሣሩ ላይ የተቀመጠው ሀበሻ ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ። ከዚያ የፈራሁት መጣ።

«ሽማግሌውን!» አለ አንዱ። «ሽማግሌውን! ሽማግሌውን!» አሉ ሌሎቹ። የማኅበራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ሰረቀብርሃን የራሳቸውን ባርኔጣ አውልቀው፣ የአንድ አዛውንት ምርኩዝ ተውሰው፣ ወደ መድረኩ አቀበሉኝ።

ኤልሻዳይ ማይኩን ወደ መቆሚያው መለሰችና እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። ዞር ብዬ ቃልቤሳን አየሁ። ከበሮውን በትከሻው እንዳነገተ፣ ማንም ሳያዘው፣ ወደ ስፒከሩ ኋላ እየሄደ ነበር። ሁልጊዜ በዚያ ጨዋታ ወደዚያ ይሄዳል። ጩኸቱ ጆሮውን እየከበደው ነው እል ነበር። ፊቱን ሊደብቅ ኖሯል።

«ያ ጨዋታ ቀርቷል፣ ጋሼ» አልኩ።

«ምን ሆነህ ነው? ቀልድ እኮ ነው! ማንን ይጎዳል?»

ባርኔጣውንም ምርኩዙንም መለስኩላቸው። ሰዉ አጉረመረመ፤ አንዱ «ኮርቷል!» ብሎ ሳቀ። የሚስቁትን አፎች ከላይ ሆኜ አየኋቸው። የአጎቴ ልጅ አለ፣ የንስሐ አባቴ የሚያውቋቸው እናቶች አሉ፣ ልጄን ክርስትና ያነሳች ሴት አለች። አሮጊቷ የነገረችኝ ምድር ቤት ውስጥ ያሉ መሰለኝ። ይበልጥ የቀፈፈኝ ግን ሳቁን ያስለመድኳቸው እኔ መሆኔ ነው። ኤልሻዳይ ማይኩን አነሳች። ሦስተኛውን ዘፈን ጀመርን፤ ቃልቤሳ ግን ከስፒከሩ ኋላ አልወጣም። ምቱ ብቻ ይሰማ ነበር።

ዕቃ ስንጭን እኔና ቃልቤሳ መኪናው ጋ ቀረን። ኤልሻዳይ ገመድ እየጠቀለለች ቅርብ ነበረች። ይቅርታ ልለው አስቤ ቃሉ ቀለለብኝ። ከሐሙስ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ያለውን ጠየቅሁት።

«ቃልቤሳ፣ አባትህ ስማቸው ማን ነበር?»

የከበሮውን ጠፍር እያጠበቀ ነበር፤ እጁ ቆመ።

«ዛሬ ምን አስታወሰህ?»

«ማወቅ ነበረብኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ በወደድኩ።

«ድምፁን ወሰድክ» አለኝ። «አካሄዱን ወሰድክ። ዱላውን እንኳ አልተውክለትም። ስሙ እኔ ጋ ይቆይ።»