ተራ የሚጠብቀው ፈተና

ምስጋና የኮሌጁን ኮምፒውተሮችና ሦስቱን ፕሪንተሮች እርስ በርስ ያገናኘ ቀን ከደስታው ብዛት ጓደኞቹን ምሳ ጋብዞ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ግን ያን ምሳ ሲያስበው ያንገበግበው ጀመር። መምህራኑ «ላክነው፣ ጠፋ» ይሉታል። እሱ ገመድ ይቀይራል፣ ከጠረጴዛ ስር እየዳኸ ሶኬት ይፈትሻል፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያበራል። ወረቀቱ ግን መጥፋቱን አላቆመም። ዲኑም ኮንትራቱ በወሩ መጨረሻ እንደሚያልቅ ፈገግ ብለው አስታውሰውታል። ፈገግታቸውን ባይጨምሩበት ይሻለው ነበር።

በዚያ ሐሙስ ጧት የመምህራን ክፍሉ ፕሪንተር ተበላሸ። ምስጋና የመምህራኑን ኮምፒውተሮች በሙሉ ወደ ሬጅስትራሩ ፕሪንተር አዞራቸውና ለየመምህሩ ተናገረ። የፊዚክስ መምህሯ ሠናይት ብቻ ክፍል እያስተማረች ስለነበር በኋላ እነግራታለሁ አለ። ረሳው።

ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ፤ ወዲያው ስልኩ ጠራ።

«ምስጋና፣ የነገውን ፈተና ፕሪንት ብዬው አልወጣልኝም» አለች ሠናይት።

«መብራቱ ከመሄዱ በፊት ነው የላክሽው?»

«አዎ፣ ሊሄድ ጥቂት ሲቀረው። እምቢ ሲለኝ አራት ጊዜ ደጋገምኩት።»

ጧት ሳይነግራት መቅረቱ ትዝ አለው። የሬጅስትራሩ ፕሪንተር የተቀመጠው ተማሪ ማስረጃ ለመውሰድ የሚሰለፍበት መስኮት ላይ ነው። ተማሪዎቹ የታተመላቸውን ወረቀት እጃቸውን ሰደው ራሳቸው ያነሳሉ። ፈተናው እዚያ ተሰልፎ ተራውን እየጠበቀ ነው፤ መብራት ሲመጣ ሰባ ሁለት ቅጂ አራት ጊዜ መስኮቱ ላይ ይዘረገፋል። ፈተናው ይሰረዛል፣ ከገሳይ ከተማና ከየገጠሩ መጥተው ቤት የተከራዩት ተማሪዎች ሌላ ሳምንት ይጉላላሉ፣ የምስጋናም ኮንትራት በዚያው ያበቃል። ለሠናይት ነገሩን በሁለት ቃል ነግሯት ስልኩን ሳይዘጋ ሮጠ።

ግቢው ሰፊ ነው፤ ለሚሮጥ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይሰፋል። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ከአጥር ውጭ ያለው ወፍጮ ማጓራት ጀመረ። መብራት መጣ። ምስጋና በልጅነቱ የሚያውቃቸውን ቅዱሳን በሙሉ በየስማቸው እየጠራ መሮጡን ቀጠለ።

መስኮቱ ላይ ስድስት ተማሪዎች ተሰልፈዋል። ፕሪንተሩ በርቷል፤ የወረቀት ማውጫው ግን ባዶ ነው። ተማሪዎቹን ዓይን ዓይናቸውን አየ። እጃቸው ላይ ምንም የለም፤ ቦርሳቸው ውስጥ ያለውን ማን ያውቃል? በጓሮ በር ገባ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው የሬጅስትራሩ ሠራተኛ ጋሼ ሙላቴ ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀምጠዋል።

«ጋሼ ሙላቴ፣ የወጣው ወረቀት የታል?»

«የምን ወረቀት?»

«አሁን መብራት ሲመጣ የወጣው።»

ጋሼ ሙላቴ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ንጹሕ ነበር፤ ደግመው ጠረጉት። «ምንም አልወጣ። የተሰለፈውን አጥፍቸዋለሁ» አሉ።

«አጠፉት?»

«ስማኝ ልጄ። ለወር የሚሰጡኝ አራት ደስጣ ወረቀት ነው። አንተ ይህን ሁሉ ሰው እኔ ላይ ካሰርህ ወዲህ፣ የእነሱ ፕሪንተር ወረቀት ባለቀበት ቁጥር ወደ እኔ እየዞረ መምህሩ ሁሉ በእኔ ወረቀት ሊያትም ሆነ። እኔ ደግሞ ለተማሪ ማስረጃ ወረቀት የለም ማለት አልችል። ስለዚህ ጧት ስገባም፣ መብራት ሄዶ ሲመጣም፣ መጀመሪያ ሌላው ሰው የላከውን ጠርጌ ነው ሥራ የምጀምር። ልነግርህ እያልሁ አፈርሁ።»

ሁለት ወር ሙሉ! ምስጋና መናደድ ነበረበት፤ ቁጣውን ቢፈልገው ግን አጣው። የወረቀት ካርቶን ላይ ቁጭ አለ። ነፍሱ መለስ ስትል ሳቁ አመለጠው።

«እድሜ ይስጥልኝ ጋሼ» አለ።

«አትቀልድብኝ። ለዲኑ ከነገርህም ንገር።»

ይሄኔ ሠናይት ጠመኔ በነካው እጇ ደረቷን ይዛ ገባች። «ወጣ? ተማሪ አየው?»

«አልወጣም። ጠፍቷል። ማንም አላየውም።»

በሩን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋ መጣ፤ ሳቋም አብሮ መጣ። «ወረቀትሽ ጠፋ ተብዬ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም» አለች። ከዚያ ፊቷን ኮስተር አደረገች። «ግን ምንድን ነው የሚያጠፋው? ባለፈውም ሁለት ጊዜ ጠፍቶብኛል።»

ጋሼ ሙላቴ አቀረቀሩ። ምስጋና አንድ ቃል ቢናገር የሁለት ወር ስሙ ይጸዳል። ሽማግሌውን አያቸው። ይህን ሁሉ ኮምፒውተር እሳቸው ላይ ሲያስር ወረቀቱ ከየት ይመጣል ብሎ አንድ ቀን ጠይቋቸው አያውቅም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳገናኘው ያላሰብኩት ነገር ነበር። አሁን አግኝቼዋለሁ፣ ነገ ይስተካከላል» አለ።

ጋሼ ሙላቴ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ተነሡና «ልጆች፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሱ» ብለው መስኮቱን ዘጉ። ቁም ሣጥናቸውን ከፍተው ያልተነካ ደስጣ አወጡ፣ ልባሱን ቀደዱ፣ ወረቀቱን ፕሪንተሩ ውስጥ ሞሉት።

«በይ ላኪው፤ እኔ እዚሁ ቆሜ እጠብቀዋለሁ» አሏት ሠናይትን።

እሷ አመስግና ወደ ኮምፒውተሯ ለመሄድ ስትዞር ግን አላስቻላቸውም።

«በሁለቱም ገጽ ይሁን እንጂ» አሉ።