በአጥሩ ላይ የታሰሩት ክሮች

ክሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ያኔ ሁሉም "እኔ ነኝ የጀመርኩት" ይል ነበር፤ ዛሬ የሚል ጠፍቷል፣ ስለዚህ እኔው ልሸከመው። ጌንቾ እባላለሁ፣ ከስታዲየሙ በር ፊት ለፊት ፀጉር አስተካክላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የዚህች የዳኑብ ዳር ከተማ ራስ ሁሉ በእጄ አልፏል። የያቮርም ጭምር፣ ወንበሩ ላይ ጣውላ አጋድሜ ከማስቀምጠው ጊዜ ጀምሮ።

ያቮር የከተማችን ኳስ ቡድን አማካይ ነበር። ስለ አጨዋወቱ ላውራ ብል አይሆንልኝም። ሌሎቹ ኳስ ስትመጣላቸው ኳሷን ያያሉ፤ እሱ ሰውን ነበር የሚያየው። ገና ሳትደርሰው አንገቱን ቀና ያደርጋል፣ ከዚያ እኛ ያላየነው ቦታ ላይ አንድ ጓደኛው ብቻውን ቆሞ ኳስ ሲቀበል እናያለን። ጎረቤቴ ፔንዮ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ፣ ሚስቱን ሲቀብር እንባ ያልወጣው ሰው፣ ያቮር ባቀበላት አንዲት ኳስ ሲያለቅስ ያዝኩት። "አቧራ ነው" አለኝ። ዝናብ እየዘነበ ነበር።

በፌብሩዋሪ መጨረሻ አንድ ግዙፍ ተከላካይ የያቮር ግራ ጉልበት ላይ ወደቀ። ጅማቱ ተበጠሰ። ሐኪሙ ዓመት ሙሉ ጨዋታ የለም አለ። በሳምንቱ ማርች አንድ ሆነና እንደየዓመቱ ቀይና ነጩን ክር የእጃችን አንጓ ላይ አሰርን። ወጉ የታወቀ ነው፤ ሽመላ ስታይ ወይም ያበበ ዛፍ ስታገኝ ፈተህ ቅርንጫፍ ላይ ታስረዋለህ፣ ብርዱ አለፈ ማለት ነው። እኔ ግን አፌ አያርፍም። ሱቄ ውስጥ ቆሜ "ያቮር ሜዳ ሳይገባ ክሬን አልፈታም፣ ሽመላዋ ራሷ መጥታ ብትለምነኝም" አልኩ። ፔንዮ "አንተ ከማን ትበልጣለህና ነው? እኔም አልፈታም" አለ። በሳምንት ውስጥ ከተማው ሁሉ አልፈታም አለ።

ሽመሎቹ መጡ፣ ጎጆ ሠሩ፣ ጫጩት አሳድገው ሄዱ። ክሩ እጃችን ላይ ጠቆረ። ዳቦ ሻጯ አልፈታችም፣ የመድኃኒት ቤቱ ሰው አልፈታም። ቄሱ እንኳ "የአረማውያን ወግ ነው" እያሉ እጅጌያቸው ሥር ደብቀው አስረዋል። እንዴት ደስ ይለን ነበር መሰላችሁ። ፍቅር ነበር፤ ፍቅር መሆኑ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ኦክቶበር ላይ ያቮር ፀጉሩን ሊስተካከል መጣ። ገና ስምንተኛ ወሩን መያዙ ነበር። መቀሱን ይዤ ጆሮው አካባቢ ስሠራ በመስታወቱ ውስጥ እጄን ሲያይ አየሁት።

"ጋሽ ጌንቾ፣ ይሄ ነገር አያሳክክህም?"

"እንዴት አያሳክከኝ! እጄ ሊበሰብስ ነው። ቶሎ በል እንጂ አንተ ሰነፍ።"

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እንደገና በመስታወቱ ክሩን አየና "ዳቦ የሚያቀብለኝ እጅ ላይ አለ" አለኝ። "አውቶቡስ ውስጥ ብረቱን የያዘው እጅ ሁሉ ላይ አለ። እናቴ ሾርባ ስታቀርብልኝ እሷም እጅ ላይ አለ።"

"ስለምንወድህ ነዋ።"

"አውቃለሁ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እሱንማ አውቃለሁ።"

አንገቱን በብሩሽ ጠረግሁለትና "በርታ" ብዬ ሸኘሁት። ያን ጊዜ መቀስ አንስቼ እፊቱ ክሬን ብቆርጠው ኖሮ እላለሁ። አልቆረጥኩም።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ከጎረቤት ከተማ ቡድን ጋር ስንጫወት ተጠባባቂዎቹ መሀል ተቀምጦ አየነው። ሐኪሙ አይሆንም ብሎት፣ እሱ ደግሞ ለአሰልጣኙ "ድኛለሁ፣ ምንም አያመኝም" ብሎ መማሉን የሰማነው በኋላ ነው። በሰባ ሰባተኛው ደቂቃ ጃኬቱን አውልቆ ተነሳ። አራት ሺህ ሰው ክሩን መፍታት ጀመረ። በጥርሱ የፈታ አለ፣ በሚስቱ ጥርስ ያስፈታ አለ። ቅርንጫፍ ስለሌለ የሜዳውን የሽቦ አጥር በክር ሞላነው። ፔንዮ እንባው ጋርዶት ማሰር ሲያቅተው እኔ አሰርኩለት።

"አቧራ ነው?" አልኩት።

"ዝም በል" አለኝ።

ያቮር እንደገባ አንድ ኳስ ሰጠ። አንገቱን ቀና አደረገ፣ በሦስት ሰው መሀል አሾልኮ ለክንፍ ተጫዋቻችን እግሩ ላይ አስቀመጠለት። ያው እሱ ነበር፣ ምንም አልጎደለበትም። በሰማንያ ሦስተኛው ደቂቃ ሊዞር ግራ እግሩን ተከለና ወደቀ። ማንም አልነካውም። አራት ሺህ ሰው ጸጥ ሲል የአንድ ሰው ጩኸት ከዳር እስከ ዳር ይሰማል።

ሐኪሙ በቃ አለ፤ ከእንግዲህ ኳስ የለም። ያቮር ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ እናቱ ዝላትካ ሱቄ ገባች። ወንበሩ ላይ ጢሙ በግማሽ የተላጨ ደንበኛ ነበረኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት።

"ጌንቾ፣ መቀስ አውሰኝ።"

"ለምንሽ ነው እትዬ ዝላትካ?"

"ዛሬ ከሆስፒታል ይወጣል። መኪናው የሚያልፈው በዚሁ በአጥሩ በኩል ነው። ያን ሁሉ ክር እንዲያይብኝ አልፈልግም።"

ደንበኛዬን ከነአረፋው ትቼ ሁለት መቀስ ይዤ ተከተልኳት። ጎን ለጎን ቆመን መቁረጥ ጀመርን። ፔንዮ ሲያየን አውቶቡሱን መንገድ ዳር አቆመ፤ ተሳፋሪዎቹም አብረውት ወረዱ፣ በቢላ፣ በቁልፍ፣ በጥፍር። ክሩ በዝናብ ጠብቆ ነበር፣ አልፈታ አለ።

"'ለምን ገባህ ልጄ?' አልኩት" አለች ዝላትካ፣ ዓይኗን ከሽቦው ሳታነሳ። "ምን አለኝ መሰለህ? 'የጋሽ ጌንቾን እጅ ያሳክከው ነበር' አለኝ።"

መቁረጤን ቀጠልኩ።

ግማሹን እንኳ ሳንጨርስ መኪናው በመንገዱ ጫፍ ብቅ አለ። ማንም ማንንም ሳያዝ ጀርባችንን ለአጥሩ ሰጥተን ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ቆምን፣ የቀረውን ክር ለመከለል። በጋውን ሙሉ ፀሐይ የመታው እጃችን ላይ ክሩ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። እሱንም እንዳያይ እጃችንን ኪሳችን ከተትን።

መኪናው ሲደርስ ቀዝቀዝ አለ። ያቮር መስኮቱን ዝቅ አደረገና እጁን ለሰላምታ አነሳልን። ከመሀላችን አንድም ሰው እጁን ከኪሱ አላወጣም።