ሀጀራ ያዞረችው ዲናሞ

ጦርነቱ የቆቦን መብራት ካጠፋው ወዲህ፣ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ የሚሰለፈው ሙህዲን ደጅ ነበር። ሙህዲን የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። ከተሰባበሩ ስፒከሮች ማግኔት አወጣና በብስክሌት ቸርኬ ዙሪያ ደረደረው፤ ከፓምፕ ሞተር የፈታውን የመዳብ ሽቦ ደግሞ ጠቅልሎ ከቸርኬው ግራና ቀኝ አሰረው። የምታዞረው ሀጀራ ነበረች፣ የሟች ወንድሙ ሚስት።

«ማግኔቱ ከቆመ ሽቦው ሬሳ ነው» አላት የመጀመሪያ ቀን። «እያለፈ ሲመላለስበት ነው ኮረንቲ የሚወለደው። ካቆምሽ ያቆማል።»

ባዶውን ሲዞር ቸርኬው ቀላል ነው። ስልክ ሲሰካበት ግን አንዳች እጅ ወደኋላ የያዘው ያህል ይከብዳል፤ ስልክ በተጨመረ ቁጥር ይብሳል። ሀጀራ ትከሻዋ እስኪገነጠል ታዞራለች፤ ከስልኮቹ አንዱ የእሷ ነውና። ልጇ ሙህሲን በጅቡቲ አድርጎ ሳውዲ ሊገባ ከወጣ ወዲህ ድምፁን አልሰማችም። ኔትወርክ የሚገኘው ሩቅ ኮረብታ ላይ ስለሆነ፣ ሙህዲን የሞላውን ስልኳን ይዞላት ይሄዳል፤ ሲመለስ፣

«ዛሬም አልደወለም። ባትሪው እንዳይሞት ብቻ» ይላታል።

እሷም ታዞራለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ከብት ነጋዴው አራጌ ከዋጃ መጣ። ሀጀራን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እቴ ሀጀራ፣ ለቅሶሽን ሳልደርስ ቀረሁ። መንገዱ ተዘግቶብኝ ነው፤ ፈጣሪ ያጽናሽ።»

«የምን ለቅሶ?» አለች፤ እጇ ማዞሩን አልተወም።

አራጌ ወደ ሙህዲን ዞረ። «ከረመዳን በፊት በስልክ ነግሬህ የለም እንዴ? አብረው የተሳፈሩበት ጀልባ ሲገለበጥ ወንድሜ ተረፈ፤ ሙህሲንን በገዛ እጁ ነው የቀበረው ብዬህ የለም?»

ሙህዲን ከሽቦው ላይ ቀና አላለም። «መርዶ ወግ አለው። ሰው ሰብስቤ ልነግራት ነበር።»

«አረፋ እንኳ አለፈ እኮ፣ አንተ ሰው!»

«ታዲያ ለቅሶ ከተቀመጠች ማን ያዙርልኝ?»

ቸርኬው ቆመ። ሀጀራ የሰልፈኞቹን ፊት በየተራ አየች። አንዱም አልደነገጠም፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

«ጀዊሪያ፣ አንቺም?» አለች ጎረቤቷን።

«ምን ላድርግ፣ ሀጀራዬ?» ጀዊሪያ እንባዋ ይወርዳል። «የኔም ልጅ ጅዳ ናት። በምን ድምፅዋን ልስማ?»

ጀዊሪያ ሀጀራን ከቸርኬው ሥር ደግፋ አነሳቻት፣ ወደ ግድግዳው ጥላ ወስዳ አስቀመጠቻት፣ ሻርፗን በትከሻዋ ላይ አስተካከለችላት። ከዚያ ራሷ ተመልሳ የቸርኬውን እጀታ ያዘች።

ሀጀራ ደረቷን እየመታች «ሙህሲኔ! ሙህሲኔ!» ስትል፣ የሙህዲን ድምፅ በላይዋ አለፈ።

«ፈጠን አድርጊው እንጂ ጀዊሪያ፣ ስልኩ እየሞላ አይደለም!»

ሰልፉ አንድ እርምጃ ወደፊት ተጠጋ።