ተኝቷል፣ ውረድ

ሶማላታ ጃንጥላውን ልብ ያለችው ሳራኔሪስ የብረቱን አጥር ተሻግሮ ወደ ታችኛው ዓለት መውረድ ከጀመረ በኋላ ነው። ብብቱ ሥር የያዘው ጃንጥላ ቢጫ ነው፤ አንዱ ሽቦው ተሰብሮ በሰማያዊ ክር ታስሯል። ክሩን ያሰረችው እሷ ናት። የልጇ የኒሉሺ ጃንጥላ ነው።

ባሕሩ ዋሻ ውስጥ ገብቶ በዓለቱ ቀዳዳ ሽቅብ የሚፈነዳበትን ቦታ የኩዳዌላ መንደር ሰው "ሁ ባይ" ይለዋል። ሶማላታ ዓሣ የምትጠብስበት ምድጃ ሥር ባለው ስንጥቅ ትንፋሹ ይሰማል፤ ስለዚህ ወደ ታች የሚወርድ ሁሉ አስቀድሞ እሷን ይጠይቃል። ስንጥቁ ብዙ ጭጭ ካለ የሚከተለው ክፉ ነው። ዛሬ ሁለት መጥበሻ ዓሣ እስክታወጣ ድረስ ጭጭ ብሏል።

"ሶማ፣ እንዴት ነው?" ብሏት ነበር ሳራኔሪስ ከመውረዱ በፊት፣ ቸኩሎ።

"ምን ልትሠራ?"

"ዕቃ ረስቼ ነው።"

"ተኝቷል፣ ውረድ።"

ይህን ቃል አራት ዓመት አፏ ውስጥ ይዛው ኖራለች። ባሏን ጃሚስን ከታች መረብ አምጣልኝ ብሎ ሲልከው ሳራኔሪስ ያለው ይህንኑ ነበር፤ በጆሮዋ ሰምታለች። ውሃው የወሰደው የጃሚስ ሬሳ ከተገኘ በኋላ ግን መርማሪው ፊት "አላልኩም" ብሎ ማለ።

ጃንጥላውን የያዘው ለኒሉሺ ከሆነ ልጅቷ ታች ናት ማለት ነው። መጥበሻውን ገልብጣ ሮጠች። ለልጇ ውሻ፣ አውቶቡስ፣ ትኩሳት ስትፈራ የኖረች ሴት የገዛ አፏን ፈርታ አታውቅም ነበር።

"አልተኛም! ውጡ! ኒሉሺ!"

ሳራኔሪስ ልጅቷን ጎትቶ ከትልቁ ድንጋይ ጀርባ ሲጥላት ውሃው ፈነዳ። ሁለቱም እየተንጠባጠቡ ወጡ፤ የሱ ጉልበት ይደማል። በአጥሩ ዳር የሚሸጠው ነጋዴ ሁሉ ተሰብስቧል።

"ጫማዋ ወድቆባት ወርዳ ነው" አለ እያለከለከ። "ጃንጥላውን ልዘረጋላት... እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።" ከዚያ ትክ ብሎ አያት። "አንቺ ግን ተኝቷል አልሽኝ እኮ።"

"አላልኩም" አለች ሶማላታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ሳራኔሪስ የራሱን ቃል ሰማ፤ የሚደማ ጉልበቱን ይዞ ሄደ።

ሲመሽ እያነከሰ ደጇ መጣ።

"ሶማ... ለጃሚስ ብዬዋለሁ። ተኝቷል ብዬዋለሁ።"

"ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ሰምቼሃለሁ። ለመርማሪው ንገረው።"

"ልጅሽን አውጥቼልሻለሁ እኮ!"

"አውጥተሃል። ጃሚስን ማን ያውጣው?"

ከጀርባዋ ኒሉሺ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ቆማለች።

"እማዬ፣ እውነት ተኝቷል ብለሽዋል እንዴ?"

ሶማላታ በሩን ፊቱ ላይ ገጠመችና መወርወሪያውን እስከ መጨረሻው ገፋችው።