የዶክተሯ ጅቦች

እትዬ መቀስ ሐኪም ቤትን የጠላችው ዛሬ አይደለም። ብቸኛ ልጇን በቀዶ ጥገና በተገላገለች ማግስት፣ ቁስሏ ካሰበችው በላይ ረዝሞ ብታገኘው «ምን አደረጋችሁኝ?» ብላ ጠይቃ ነበር። ሐኪሙ «ቢነገርሽስ ይገባሻል? በይ ዙሪ፣ ፊትሽን ወደ ግድግዳ» አላት። ዞረች። ከዚያ ወዲህ የወር አበባም አላየች፣ ሌላ ልጅም አልመጣ። ያን መዞሯን እንደ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ሰንቅራ፣ መጋረጃ እየሰፋች ልጇን አሳደገች፣ ዳረች። መቀስ ያሏት ደንበኞቿ ናቸው፤ የሰው ወሬ መሃል ላይ ትቆርጣለችና።

አሁን ልጇ አርግዛለች፣ ያውም በስንት መከራ! ፅንሱ ከማህፀን ውጭ ተሠርቶ፣ በረዶ ውስጥ ከርሞ፣ በአንዲት የመካንነት ሐኪም እጅ ነው የገባላት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የልጅቷ ባል ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልኩን ይጎረጉራል።

«እትዬ፣ ዶክተራችን ቀላል ሰው እንዳትመስልዎት! የጻፈችው ጥናት ብዛቱ! ‹የቀዘቀዘ ፅንስ በሴቶች ማህፀን›፣ ‹የማህፀን እጢና መካንነት›፣ ‹የወንድ ጅብ ዘር በበረዶ አቆያየት›…»

የስፌት ማሽኑ ቀጥ አለ።

«የምን?»

«የጅብ። የዱር ውሻም አለ። ደኑ ሲመነጠር ግልገላቸው ለምን እንደሚያንስ። ሁለገብ ናት እኮ!»

«በዚያው በረዶ?»

«በረዶ ያው በረዶ ነው፣ እትዬ» ብሎ ሳቀ።

እሱ ስቆ ረሳው። እሷን ግን ብርድ ብርድ አላት። ማሽኑን መልሳ ስታስነሳ ልጇ ከጓዳ «ዛሬስ ሥጋ አማረኝ!» ብላ ብትጮህ መርፌው ጣቷን ወጋት።

ከዚያ ወዲያ ዓይኗ ከልጇ ላይ አልነቀል አለ። ልጅቷ ባሏን ስትቆጣ ድምፅዋ የጎረነነ ይመስላታል። አጥንት ስትግጥ ደግሞ እትዬ መቀስ ፊቷን ታዞራለች። ለማን ይነገራል? ለልጅቷ ብትነግራት፣ በድንጋጤ አንድ ነገር ብትሆንስ? ዝም ብትልስ? ያኔም ዝም ብላ ነበር።

በክትትሉ ቀን ተከትላ ሄደች። ልጇ ለምርመራ ሽንት ልትሰጥ ስትወጣ እትዬ መቀስ በሩን ዘግታ ተደገፈችው።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጅቡ የት ነው ያለው?»

«የቱ ጅብ?»

«ጥናት የጻፉበት ነዋ! ዘሩን ከልጄ ፅንስ ጋር ነው ያስቀመጡት?»

ዶክተሯ ሳቋ አመለጣት።

«አትሳቂ!» አንቱታው ከእትዬ መቀስ አፍ ወደቀ። «እንዲህ እየሳቃችሁ ነው እኔን ባዶ ያስቀራችሁኝ። አሳዪኝ። ሳላይ ከዚህ በር ንቅንቅ አልልም።»

ዶክተሯ ፊቷ ተለወጠ። ተነሥታ በኮሪደሩ ፅንስ ወደሚቀመጥበት ክፍል ወሰደቻት። በመስኮቱ መስታወት በኩል ትልቅ የወተት ጋን የመሰለ ብረት ይታያል፤ አንዲት ሠራተኛ ክዳኑን ስታነሳው ነጭ ጉም ተነፈሰ። እትዬ መቀስ ወደ ኋላ አለች።

«እዚህ ያለው የሰው ብቻ ነው» አለች ዶክተሯ። «የአውሬዎቹ ከከተማ ውጭ፣ ሌላ ግቢ ነው። ቢቀላቀልስ? ጅብና ሰው አይዳቀሉም፣ እናቴ።»

«ታዲያ ከአውሬ ጋር ምን አለሽ?»

«እነሱም እኮ መውለድ እያቃታቸው ነው። መጥተው አይነግሩኝም እንጂ።»

«እኛስ መጥተን ስንጠይቅ መች ትነግሩናላችሁ?»

ዶክተሯ መንገዱን ይዛ ወደ ምርመራ ክፍሉ መራቻት።

ሲመለሱ ልጅቷ አልጋው ላይ ወጥታ ትጠብቃለች። የአልትራሳውንዱ ማሳያ በራ፤ ትንሽ ልብ ድም ድም ትላለች።

«ጆሮውን» አለች እትዬ መቀስ። «ጆሮውን አሳዪኝ።»

«ይኸውልዎት። የሰው ጆሮ ነው።»

«እማዬ ደግሞ! የምን ጆሮ ነበር የፈለግሽው?» ብላ ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች።

እትዬ መቀስ አልሳቀችም። ልጇ እስክትወርድ ጠብቃ ጫማዋን አወለቀችና አልጋው ላይ ወጣች። ቀሚሷን ሰብስባ ያን አሮጌ ጠባሳ ገለጠችው።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል?»

«ዝም በይ አንቺ። ዝም ያልኩት ለሁላችንም ይበቃል።» ወደ ዶክተሯ ዞረች። «እኔንም እዪኝ። ያኔ ምን እንደወሰዱብኝ ንገሪኝ። ካልገባኝ ደግመሽ ትነግሪኛለሽ።»

ቀዝቃዛው ቅባት ሆዷን ሲነካው ዘገነናት። ግድግዳው በግራዋ በኩል፣ ከጉንጯ አጠገብ ነበር። ፊቷን ወደ ማሳያው አዞረች፤ ዓይኗንም አልጨፈነች።