ሐሳብ ነው፣ መርዶ አይደለም

ጋሽ ጉግሳ የመጡት ከተማው በሩን በሚዘጋበት ሰዓት ነበር። ቀትር ላይ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል፤ ሰው ወይ ይተኛል ወይ ጫቱን ይዞ ጥላ ይፈልጋል። ስምረት ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከምክር ክፍሏ አትወጣም። ወንበሮቹን በክብ ትደረድራለች፣ ወለሉ ላይ ውኃ ታርከፈክፋለች፣ ሙቀቱ በረድ ሲል የሚመጡትን ሴቶች ትጠብቃለች።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ። ጡረታ እስኪወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ከስምረት ጋር የተዋወቁት እዚህ በምትታከመው በየሺአረግ በኩል ነው፤ የእህታቸው ልጅ ናት።

«ይግቡ፣ ጋሽ ጉግሳ። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ግሩም ሞቷል።»

ስምረት የያዘችውን ጆግ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ግሩም የየሺአረግ ታናሽ ወንድም ነው። በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ይነዳል። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደገችው የሺአረግ ናት።

«መቼ?»

«ሌሊቱን። መኪናው ተገልብጦ። አስከሬኑ ገና መንገድ ላይ ነው። እናቷም አዋሽ ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ነበር፤ ዛሬ ማታ ትገባለች፤ አልሰማችም። ነገ ጎህ ሲቀድ ሁለቱንም አንድ ላይ እናረዳቸዋለን።» ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩት። «የሺአረግ ዛሬ ወደ አንቺ መምጣቷ ነው። እንደ ሁልጊዜው ተቀበያት። እስከዚያ እኛ ለእድሩ እንነግራለን፣ ወንበሩንም እናስመጣለን። ማታ ከእናቷ ጋር እኔ ቤት ታድራለች፤ ሰበብ አይጠፋም።»

«ጋሽ ጉግሳ፣ እሷ እኮ የምትታከመው ለዚሁ ነው። ወንድሟ ስልክ ካላነሳ ሞቷል ብላ ነው የምታስበው። እኔ ደግሞ አልሞተም፣ ሐሳብሽ ነው ስላት ነው የከረምኩት።»

«እንግዲያው አንድ ቀን ጨምሪበት።»

ስምረት ጆጉን ወደ ጠረጴዛው መሐል ገፋችው።

«እዚህ ሲገቡ ስልካቸውን ቅርጫት ውስጥ ታስቀምጫለሽ አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«የሚያስፈልገኝ እሱ ነው። የዘንድሮ ልጆች ፌስቡክ ላይ ይለጥፉታል ብዬ ፈርቻለሁ። ለብቻዋ አይታ መንገድ ላይ ብትወድቅስ? እናቷ አጠገቧ ሳትኖር፣ የሚይዛት ሰው ሳይኖር? እንዲህ አይደረግም፣ ልጄ። አንቺም ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ባሏ ሲሞት ለእሷም የመጡት ጎህ ሲቀድ ነበር፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ግቢውን ሞልተው። በዋዜማው የባሏ ወንድም ኒቆዲሞስ ቤቷ ራት በልቷል። ሽሮውን አመስግኖ ጨምሪልኝ ብሎ ነበር። እንዴት ዋጥከው ብላ ጠይቃው አታውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን ሽሮ አቅርባለት አታውቅም።

«አልዋሻትም» አለች በመጨረሻ። «ዝም ግን እላለሁ።»

«ዝምታው ይበቃናል» አሉ ሽማግሌው፣ ባርኔጣቸውን ደፉና ወደ ፀሐዩ ወጡ።

መጀመሪያ የደረሰችው ዲና ነበረች። ባንክ ውስጥ የደንበኞች አገልግሎት ላይ ትሠራለች። የሥራ ዝለት አድክሟት ሐኪም ዕረፍት ጽፎላታል፤ ሆኖም በዕረፍቱም የወረፋው ጥሪ ጆሮዋ ውስጥ ይጮሃል። ስልኳን ቅርጫቱ ውስጥ ጣል አድርጋ ቬንትሌተሩ ሥር ተቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች። ስምረት ይህንን ትፈቅድላታለች።

ሃምዳ አልመጣችም። ሃምዳ በሰዓቷ ብትመጣ ነበር የሚያስደነግጠው። መጋላ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ሱቁን ቆልፋ ቁልፉን በሩ ላይ ትረሳለች፤ ለአንዷ ደንበኛ ጨርቅ እየለካች ከሌላዋ ጋር ትጨቃጨቃለች፤ ያሰበችውን ሳታስበው ተናግራ ትጨርሳለች። ስምረት ኤዲኤችዲ የሚባለውን የትኩረት ችግር ስታስረዳት ከትከት ብላ ሳቀች። «ዳሂር፣ ባሌ፣ ጂኒ አለብሽ ሲለኝ ነው የኖረው» አለች። «ይኸው ጂኒዬ የፈረንጅ ስም አወጣ። አሁን ያከብረኛል።»

የሺአረግ ስትገባ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ናት፤ ተማሪዎቿ የሚፈሯት፣ እሷ ደግሞ ስልኳን የምትፈራ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ስልኩን ቅርጫቱ ውስጥ ካስቀመጠች በኋላ እጇን አታነሣም ነበር፤ ቅርጫቱን ጭኗ ላይ ይዛ ነው የምትናገረው። ዛሬ ስልኩን ደፍታ አስቀመጠችና ሄዳ ከሁሉም የራቀው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አያችሁኝ?» አለች።

ዲና ዓይኗን ሳትገልጥ አጨበጨበች።

«ከትናንት ጀምሮ ስልኩ ዝግ ነው፣ የግሩም። ድሮ ቢሆን መነኸሪያ ሄጄ የአንዱን ሹፌር አንገት አንቄያለሁ። ዛሬ ልብስ አጠብኩ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ደጋግሜ አልኩት፤ ሐሳብ ነው፣ መርዶ አይደለም።»

ቃሉ የራሷ ነው። ስምረት ያስተማረቻት ረዘም ያለ ነበር፤ ሐሳብን ከተፈጸመ ነገር ስለመለየት የሚናገር፣ ከመጽሐፍ የመጣ። የሺአረግ እንደ ሒሳብ ቀመር አሳጠረችው። ሌሊት ነቅታ ትለዋለች፣ ሰሌዳ ላይ እየጻፈች በልቧ ትለዋለች። በዚህ ቃል ነው እንቅልፏ የተመለሰው።

«ጎበዝ» ማለት ነበረባት ስምረት። ወትሮ ትላታለች። ጆጉን አነሣችና ለዲና ውኃ ቀዳችላት፤ ዲና ግን አልጠየቀችም ነበር።

የሺአረግ የቀሚሷን ጫፍ አስተካከለች። «አንድ ነገር ግን አለ» አለች። «ጋሽ ጉግሳ ጠዋት መጥተው ሳሙኝ። በዓል አይደለ፣ ምን አይደለ። ጉንጬን ይዘው አልለቅ አሉ። ምሳ በላሽ ወይ አሉኝ፤ ገና ቁርስ ሰዓት ነው። ጎረቤታችን ደግሞ ስወጣ አየችኝና ወደ ግቢዋ ተመልሳ ገባች። ሰላም ሳትለኝ።» ዓይኗን አነሣች። «ስምረትዬ፣ ይሄም ሐሳብ ነው?»

ቬንትሌተሩ እየተንቋቋ ይዞራል። ስምረት ዝም ለማለት ነበር የተዘጋጀችው። አሁን ግን ዝምታ መልስ መሆኑን አየች። የሺአረግ የስምረትን ከንፈር እየተመለከተች ነው፤ መልሱ አንድ ትንፋሽ ከዘገየ ሁሉንም ታነበዋለች። እናቷ ገና አውቶቡስ ላይ ናት። የሚይዛት ዘመድ የለም። ሽማግሌው ያሉት ሁሉ ትክክል መሰላት።

«ሐሳብ ነው» አለች።

የየሺአረግ ትከሻ ወረደ። ሳቀች፤ ጥርሷ እስኪታይ። «እኔ እኮ የለየልኝ እብድ ነኝ» አለች። «ሽማግሌ ሲስመኝ እንኳ ሬሳ ነው የሚታየኝ።»

«እኔን ማንም አይስመኝም» አለች ዲና። «ብድር ካልፈለገ።»

ሁለቱም ሳቁ። ውጭ ባጃጅ ቆመ።

ሃምዳ ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወርዶ፣ አንድ እጇ የሱቅ ቁልፍ፣ ሌላው ስልክ ይዞ ገባች። ወደ ቅርጫቱ አልሄደችም። በወንበሮቹ መሐል አቋርጣ የሺአረግ ፊት ተንበረከከችና አቀፈቻት።

«አባዮ፣ እህቴ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አላህ ሰብር ይስጥሽ። ዋበሪ የአጎቴ ልጅ ከኋላው ነበር የሚነዳው፣ እሱ ነገረኝ። ወላሂ ሱቁን እንዴት እንደዘጋሁ አላውቅም። ቤትሽ ሄድኩ፣ ወንበር ሲያወርዱ አየሁ፣ አንቺን አጣሁ። እዚህ ነች ሲሉኝ፣ እንዲህ ባለ ቀን እዚያ ምን ታደርጋለች ብዬ...»

የያዘችው ሰውነት እንደ እንጨት ደርቆ ሲሰማት ቀና አለች። የሺአረግ ፊት ላይ ፈገግታው ገና አልጠፋም ነበር። ሃምዳ ወደ ስምረት ዞረች፣ ወደ ዲና ዞረች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በእሷ ወገን ሰው ሲሞት በዚያው ሰዓት ለሁሉም ይነገራል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይቀበራል። ወንበር የወረደለት ቤት ልጅ ሳትሰማ እየሳቀች ልትቀመጥ ትችላለች ብላ በምን ታስብ።

«ማን?» አለች የሺአረግ።

ዲና ከወንበሯ ብድግ አለች።  የሺአረግ ስምረትን አየቻት።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ከመቼ?»

«ከቀትር ጀምሮ።»

«አሁን ስጠይቅሽም?»

«አሁንም።»

የሺአረግ ራሷን ነቀነቀች፤ ተማሪ የተሳሳተ መልስ ሲሰጣት እንደምታደርገው፣ ቀስ ብላ። ተነሣች፣ ወደ ቅርጫቱ ሄደች፣ ስልኳን አነሣችና ደወለች። የተቀዳው የሴት ድምፅ ደንበኛውን ማግኘት እንደማይቻል ሲናገር ሁሉም ሰሙት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ከዚያ ወደ ወለሉ ተንሸራተተች። ዲና ነበረች የደረሰችላት፤ በዚያ ሁሉ ዝለቷ ያንን ጉልበት ከየት እንዳመጣችው አይታወቅም።

ሃምዳ ከተንበረከከችበት አልተነሣችም። «ወንበር አየሁ እኮ» ትላለች። «ወንበር አየሁ እኮ።»

ጋሽ ጉግሳ ተጠርተው ሲመጡ በሩ ላይ ያገኙት ሃምዳን ነው። «አንቺ ነሽ?» አሏት። «የሰው ቤት ወግ አያገባሽም፤ አፍሽን መሰብሰብ እንዴት ያቅትሻል?»

ሃምዳ የሱቋን ቁልፍ በሁለት እጇ ጨበጠች። ስምረት በመሐል ገብታ ጥፋቱ የሃምዳ አይደለም አለች፤ ሽማግሌው ግን የእህታቸውን ልጅ ደግፈው ወደ መኪናው እየሄዱ ነበር። እናትየዋ ማታ ከአውቶቡስ ስትወርድ ልጇን ጥቁር ለብሳ አገኘቻት። ለእሷ ጎህ እስኪቀድ የጠበቀ አልነበረም።

ከቀብሩ በኋላ ስምረት ለቅሶ ደረሰች። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሙቀቱ ሸራውን ሰርስሮ ይገባል። የሺአረግ ድንኳኑ የተጠጋበትን የቤቱን ግድግዳ ተደግፋለች። አጠገቧ ሃምዳ ናት። ሱቋን ዘግታ ከቀብሩ ጀምሮ እዚያው ነው የምትውለው፤ የቤቱ ሰዎች መጀመሪያ ፊት ነሷት፣ የሺአረግ ግን እጇን ይዛ አልለቅ ስትል ተዉዋት። ሃምዳ ለመናገር አፏን ትከፍትና መልሳ ትዘጋዋለች። ከስምረት ጋር ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ አንገቷን ደፋች።

ስምረት ከፊታቸው ተቀመጠች። 

«ባልሽ ሲሞት» አለች የሺአረግ፣ ድምፅዋ ሻክሮ፣ «አንቺንም ደብቀውሽ ነበር?»

ስምረት ስለ ባሏ በምክር ክፍሏ ተናግራ አታውቅም። ድሬ ግን ትንሽ ከተማ ነው።

«ደብቀውኝ ነበር።»

«ታዲያ?»

ስምረት የምትለውን ፈለገች። ለዓመታት ለሌሎች የምትሰጠው ቃል ሁሉ አእምሮዋ ውስጥ በተርታ አለ፤ አንዱም ለዚህ አይሆንም። ነጠላዋን ሰበሰበች። የሺአረግም ከእሷ መልስ መጠበቋን አቁማ ነበር። ወደ ሃምዳ ዘወር አለች።

«እማዬ ትተነፍሳለች?»

እናትየዋ ጓዳ ውስጥ ተኝታለች። ሃምዳ ተነሣች፣ ገብታ አየች፣ ተመለሰች።

«ትተነፍሳለች።»

የሺአረግ ራሷን ነቀነቀች፤ ፊቷ ትንሽ ላላ። ሰው ገብቶ እግዜር ያጥናችሁ ብሎ ተቀመጠ። ጥቂት እንደቆየ የየሺአረግ እጅ እንደገና የሃምዳን ክንድ ያዘ።

«ሂጂና እዪልኝ።»

ሃምዳ ተነሣች፣ ገባች፣ ተመለሰች። «ትተነፍሳለች።»

ስምረት ይህንን ታውቀዋለች። አንዴ መጠየቅ ሌላውን ይወልዳል፤ ሌላው ሌላውን፤ አንድ ዓመት ሙሉ ያላቀቀቻት ከዚህ ነበር። ለዚህም የሚባል ቃል አለ። የሺአረግ ራሷ ያሳጠረችው፣ ሌሊቱን ያሳደራት። ስምረት ያንን ቃል በዚህ ቤት ልታነሣው አትችልም፤ ሃምዳም አታነሣውም፤ የሺአረግም ከእንግዲህ አትለውም።

በድንኳኑ በር ሌላ ለቀስተኛ ገባ። ሃምዳ የየሺአረግን ፊት አየች፣ ጓዳውን አየች፣ ሳትጠየቅ ተነሣች።